የአይጥ እጅና የእህቴ ልጅ እጅ

የእህቴ ልጅ በተወለደችበት ሰሞን እኔ ስለ አይጥ ጽንስ እየተየብኩ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ቤቱ ከግድግዳው እስከ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ይግላል፣ ማሽኑ ይግላል፣ እኔም እግላለሁ። ሰው መጥቶ "ፍጠኚ እንጂ" ሲለኝ የምመልስለትን እዚህ አልጽፈውም። እረፍት የምናገኘው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነበር። ደግነቱ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል።

ወደዚያ ቤት የማይመጣ ጽሑፍ የለም። የክስ ማመልከቻ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የመሬት አቤቱታ፣ የተማሪ መመረቂያ። እኔ ደግሞ የምተይበውን ሁሉ አነባለሁ። አሠሪዬ "እጅሽ ይሥራ እንጂ አንብቢ ማን አለሽ?" ይለኝ ነበር። እጅ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ያን ሁሉ ዓመት ለምን እንደተማርኩ እሱ ይንገረኝ።

መምህሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ከሰሜን መጥቶ እኛ ከተማ ባዮሎጂ የሚያስተምር፣ ነጭ ሸሚዝ የማይለየው ሰው ነበር። ያኔ ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር። አሁን ስጽፍ አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ ለምን እንደተውኩት እደርስበታለሁ። በእጁ የጻፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዞ መጣ፤ ከመጻሕፍት የተነሱ ሥዕሎችም ነበሩበት። ጽሑፉ ሆሚዮቦክስ የሚባሉት ዘረ መሎች በአይጥ ጽንስ ውስጥ የትና መቼ እንደሚሠሩ የሚናገር ነው። መተየብ ስጀምር ኮምፒውተሩ ቃላቱን ስለማያውቃቸው ገጹን ሙሉ በቀይ አሰመረበት።

"ሁሉም ስህተት ነው እንዴ?" አልኩት።

"የማያውቀው እሱ ነው። አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ።"

ዝም ብሎ መጻፍ አልሆነልኝም። አንዱ ሥዕል ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠማማ ነገር አለች፤ ጭንቅላቷ ትልቅ፣ ጭራዋ የተጠቀለለ። ሰውነቷ ላይ ሰማያዊ ቀለም እንደ ቀበቶ ዞሯል። ከጎኗ ሌላ አለች፣ ቀበቶዋ ትንሽ ዝቅ ያለ። ከዚያ ሌላ፣ ይበልጥ ዝቅ ያለ።

"አይጥ ሰማያዊ ናት?"

ሳቀ። "ቀለም ነው። ዘረ መሉ የሚሠራበት ቦታ እንዲታይ ነው የሚደረገው። እነዚህ ዘረ መሎች በተርታ ነው የተቀመጡት። ተርታቸው ደግሞ የአካል ተርታ ነው። የፊተኛው አንገት አካባቢ ይሠራል፣ የሚቀጥለው ደረት ላይ፣ የሚቀጥለው ወገብ ላይ፣ የኋለኛው ጭራ ላይ።"

"እኔ ጭራ የለኝም።"

"አንቺም ጋ አሉ። ሥራቸው ለእያንዳንዱ ቦታ 'አንተ አንገት ሁን፣ አንተ ደረት ሁን' ማለት ነው።"

"ማን አሰለፋቸው?"

"እሱን ቄስሽን ጠይቂ። እኔ የምጽፈው ከተሰለፉ በኋላ ያለውን ነው።"

ነገሩን ወደድኩት። ሰው ስወድ እንደዚያ አልወድም። ከተርታው አንዱ በማይገባው ቦታ ቢሠራ፣ ወይም መሥራት ሲገባው ቢተኛ፣ አይጧ አንገቷ ላይ የጎን አጥንት ይዛ ትወለዳለች፤ ወይም ጣቶቿ ይበዛሉ፣ ይጣበቃሉ። ያ ሁሉ የሚወሰነው እናትየዋ ማርገዟ እንኳ በወጉ ሳይታወቅ ነው። ያን ሁሉ ገጽ ስተይብ እናትየዋ አይጥ ምን በላች፣ በየት አለፈች፣ ማንን አስቀየመች ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አላገኘሁም።

እህቴ ታላቄ ናት። ያገባችው ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ያላቸው ቤተሰቦች ጋ ነው። የእኛም የእነሱም ወላጆች ከደጋ የወረዱ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ጋሞኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ እናወራለን። ባሏ ሙዝ ይቆርጣል፣ መኪና ላይ ይጭናል፣ አይናገርም። ሰው ሁሉ "ጨዋ ነው" ይለዋል። ዝም ያለ ሁሉ ጨዋ እንዳልሆነ እኔ ያኔም አውቅ ነበር።

ልጅቷ ጤና ጣቢያ ተወለደች። አዋላጇ በጨርቅ ጠቅልላ ስትሰጠን የሕፃኗን እጆች አጥብቃ ወደ ውስጥ አስገብታቸው ነበር። እህቴ ጨርቁን ፈታችው። በሁለቱም እጇ የመሃል ጣቷና የቀለበት ጣቷ አንድ ላይ የተሰፉ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ ትርፍ ጣት ገብታለች። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ለቅሶዋ ውጭ ድረስ ይሰማል። አዋላጇ "ከፍ ስትል ሆስፒታል ይለያዩላታል፣ ያኔ አምጧት" አለች። ቀለል አድርጋ ነው የነገረችን። እኔም ቀላል ነገር መሰለኝ።

ከዚያ የእህቴ አማት ገንፎ ይዘው መጡ። እማማ ነው የምንላቸው። የልጅቷን እጅ አዩት። ገንፎውን ቀስ ብለው አስቀመጡና እህቴን "ምን በልተሽ ነው?" አሏት።

"መቼ?"

"እሷን ይዘሽ።"

እህቴ ወዲያው ገባት። ሙዝ የሚያሰናዳ ሰው ያውቀዋል፤ አንዳንዴ ሁለት ሙዝ በአንድ ልጣጭ ተጣብቆ ይበቅላል። ነጋዴ እሱን አይወስድም፤ ከዘለላው ተገንጥሎ ይጣላል። የለቃሚና የጫኝ ምሳ እሱ ነው። እርጉዝ ግን አትብላው ይባላል።

"ሁሉም ይበላዋል እማማ" አለች እህቴ። "እኔም በልቼ ይሆናል።"

"ይሆናል አይባልም። በልተሻል ወይስ አልበላሽም?"

እዚህ ላይ ገባሁ። "እማማ፣ በዚህ ቢሆን የኩልፎ ልጅ ሁሉ እጁ ተጣብቆ ነበር የሚወለደው። ያልበላ ማን አለ?"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም። ራሴ ነኝ።"

"ይህቺን ልጅ ወደ ሥራዋ ላኩልኝ" አሉ፤ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞሩ።

ነገሩ በሙዝ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኛ ጋ ግን ጎሜ የሚባል አለ። ድንበር የገፋ፣ ታላቁን ቀድሞ የዘራ፣ የተከለከለውን የበላ፣ ሽማግሌ ፊት የዋሸ ሰው ጎሜ አለበት። ጎሜ ተደብቆ አይቀርም፤ በከብት ይወጣል፣ በእህል ይወጣል፣ በልጅ ይወጣል። ሲወጣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ጥፋተኛው ጥፋቱን ይናገራል፣ በግ ይታረዳል፣ ያልቃል። እኔ ሥርዓቱን ሁሉ አልንቅም። በመሬት የተጣሉ ወንድማማቾች ገጀራ ሊማዘዙ ሲሉ እነዚሁ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መሃል ሲገቡ አይቻለሁ፤ ፍርድ ቤት ሲያጓትተው የኖረውን ነገር በአንድ ከሰዓት ጨርሰውታል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ልጅ ላይ ነገር ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከውጭ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ነው። ከውጭ የገባው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ሚስት ናት።

እማማ ቁርጡን ተናገሩ። ከክርስትናው በፊት ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እህቴ ያደረገችውን ትናገራለች። ካልተናገረች ልጅቷን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ ክርስትናውም እዚያው ይሁን፤ እስክትናገር ድረስ ኩልፎን አትረግጥም። ቤተ ክርስቲያን ሳያስቀድሱ የማይውሉ ሴትዮ ናቸው እንግዲህ። ጠዋት ቄስ፣ ከሰዓት ጎሜ። ሁለቱ እሳቸው ጋ ተጣልተው አያውቁም።

እናታችን ጭራሽ "አድርጌያለሁ ትበልና ትገላገል" አለች። "ቃል ነው። ምን ያደርጋታል?"

እህቴን ልጠይቅ ስሄድ ተኝታ የልጅቷን እጅ ይዛ ታገላብጣለች።

"አንድ ነገር ፈልጌ ልንገራቸው እንዴ?" አለችኝ።

"ምን?"

"እንጃ። ሙዙን በላሁ ልበል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በግ ይታረዳል።"

"ከዚያስ?"

ከዚያ ያለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ልጅቷ ታድጋለች። እጇን ያየ ሁሉ ይጠይቃል፤ ሠፈሩም መልሱ ዝግጁ ነው፦ እናቷ ናት ያመጣችባት፣ ሽማግሌ ፊት አምናለች። ሐኪም ጣቶቿን ቢለያይላት እንኳ ያንን አይለያይላትም።

"ይሄን ይዛ እንድታድግ አልፈልግም" አለች እህቴ። "ግን ከቤቴም መውጣት አልፈልግም።"

እህቴ ከዚህ ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም። ሁለቱን ብቻ። ይህ ብዙ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

በማግሥቱ መምህሩ የተተየበውን ሊያርም ሲመጣ ነገርኩት። ስለ እጇ ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት እዚያ ቤት ተቀምጦ አያውቅም።

"ሁለቱም እጅ?"

"ሁለቱም።"

"በመሃል ትርፍ ጣት አለ?"

"አለ።"

ወረቀቶቹን ገልጦ የአይጥ መዳፍ ያለበትን ሥዕል አሳየኝ። የተርታው መጨረሻ ላይ ያሉት ዘረ መሎች ለጭራ ብቻ አይደሉም አለኝ። እጅና እግር ሲበቅሉ ጣት ለማውጣት እንደገና ይሠራሉ። ከእነሱ አንዱ ሲበላሽ ጣት እንዲህ ይሆናል፣ በአይጥም በሰውም። "ሳላያት እርግጠኛ አልሆንም፤ ሐኪምም አይደለሁም" አለ። "ግን ያ ከሆነ የሚወረስ ነው። ከአንዱ ወላጅ መምጣቱ ብቻ ይበቃል። አንዱ ላይ እጅ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ላይ እግር ላይ ብቻ፣ አንዱ ደግሞ ተሸክሞት እንኳ አይታይበትም።"

"የበላችው ነገር አያመጣውም?"

"ሙዝ?" ሳቀ። "ሙዝ አያመጣውም። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጫማ አስወልቂና እግራቸውን እዪ።"

እሱ ቀልዱን ነው። እኔ ቀልድ አልመሰለኝም።

"እንግዲያው ይምጡና ይንገሯቸው" አልኩት። "መምህር ነዎት፤ እርስዎን ይሰማሉ። እኔን ማን ይሰማኛል?"

"እኔ የውጭ ሰው ነኝ። በባህላችሁ ውስጥ አልገባም።"

"እህቴን ከቤቷ ሊያስወጧት ነው እያልኩዎት።"

"ይገባኛል። የእኔ ሥራ ግን አይጥ ነው።" ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ይልቅ እጇን ፎቶ ባነሳው ጥሩ ነበር። ፊቷ አይታይም። ለጽሑፉ ያምራል።"

ያምራል። ልክ እንደዚያ ነው ያለው። እህቴን ሊያስጥል ሲጠየቅ የውጭ ሰው ነው፤ ፎቶ ለማንሳት ሲሆን ግን ውስጥ ድረስ መግባት ይችላል። እማማ ያቺን እጅ እንደ ክስ ነው የሚያዩዋት፣ እሱ ደግሞ እንደ ማሳመሪያ፤ የሕፃን እጅ አድርጎ ያያት ከእናቷ ሌላ ሰው ጠፋ።

"አይቻልም" አልኩት። "ከአይጦችዎ ጋር ይብቃዎት።"

አሠሪዬ ከውስጥ ሰምቶኝ ኖሮ ሰውየው እንደወጣ ጮኸብኝ። ደንበኛ ነው አለ። እሺ፣ ደንበኛ ነው። ተየብኩለት፣ አተምኩለት፣ በወጉ ጠረዝኩለት። "እርስዎ" ማለትም አላቆምኩም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፌ እንጂ ከልቤ አይወጣም።

ከሥራ ስወጣ በባጃጅ ቀጥታ ወደ ኩልፎ ሄድኩ። እህቴ ልጅቷን ሳፋ ውስጥ እያጠበች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ተርታውን፣ ሰማያዊውን ቀለም፣ ከወላጅ እንደሚወረስ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"የእኛን ቤት እግር ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ደህና ነው" አልኳት። "ስለዚህ ከእነሱ ነው። የባልሽን እግር አይተሽዋል?"

"ሚስቱ አይደለሁ?"

"እና?"

"የግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ተጣብቀዋል። የቀኙም ትንሽ።"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያ ሰውዬ በዚያ ሙቀት፣ ሌላው ሁሉ በሸበጥ ወይም በባዶ እግሩ ማሳ ሲገባ፣ እሱ ሁልጊዜ በቦቲ ጫማ ነው። ለእባብ ነው ይል ነበር። እኔም ጠንቃቃ ሰው ነው ብዬ አምኜዋለሁ።

"እያወቅሽ ዝም አልሽ?"

"ልጅቷ ስትወለድ ነው እኔም ያሰብኩት። እግሩ ደግሞ የእሱ ነው። እሱ ይናገረው።"

"እሱስ ምን ይላል?"

"እናቴን ሰው ፊት አላሳፍርም ይላል።"

"አንቺንስ?"

ውሃ ቀድታ የልጅቷ ጀርባ ላይ አፈሰሰች። "እንዳትናገሪ" አለችኝ። "ቃል ግቢልኝ።"

"አልገባም" አልኳት።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት በማሳው ጫፍ፣ ማንጎው ሥር ነው። እርጥብ ሳር ተጎዝጉዟል። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ እህቴ ልጅቷን ታቅፋ መሃል ላይ። ባሏ ከወንዶቹ ጫፍ ተቀምጧል፣ ቦቲውን እንዳደረገ። የሚጠይቋት ከሁሉም ትልቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ቢቆጧት ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ሊጣላሽ የመጣ የለም። ያደረግሽው ካለ አውጪው። ሲወጣ ይቀላል።"

"ያደረግሁት የለም አባባ።"

"ሰው ይረሳል። አስቢ።"

"አስቤያለሁ።"

"ተጣብቆ የበቀለ ሙዝ በልታለች ይባላል።"

"ሁላችንም በልተናል። እናንተም በልታችኋል።"

"እኛ አናረግዝም" አለ አንዱ ከጎን፣ ሰውም ሳቀ።

ትልቁ ሽማግሌ አልሳቁም። "ወንዙን በቀትር ተሻግረሽ እንደሆነስ? አማትሽን ደብቀሽ ያወጣሽው እህል የለም? ልቅሶ ቤት ሄደሽ ሳትታጠቢ የገባሽበት ቀን የለም?" እንዲህ እያሉ በልስላሴ ይቀጥላሉ። ከአንዱ ብታመልጥ ሌላው አለ። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ በአንዱም የማይያዝ ሰው ምድር ላይ ያለ አይመስለኝም፤ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ቢጠየቁ እስኪመሽ ይናዘዙ ነበር። የእህቴ ፊት ሲደክም አየሁት። ከንፈሯ ተላቀቀ። አንድ ነገር፣ የመጣላትን ማንኛውንም ነገር፣ ልትል ነው።

ተነሳሁ።

"አባባ፣ እኔ ልናገር።"

"ይህቺ የማን ናት?"

"እህቷ ናት" አሉ እማማ። "ኮምፒውተር ቤት የምትሠራው። ተይ ቢሏት አትተውም።"

ያላገባች ልጅ እዚያ ተነስታ አትናገርም። አውቃለሁ። ስለ ተርታው ነገርኳቸው፤ ስለ አይጦቹ፣ ስለ ጣቶቻቸው። በጋሞኛ ለማለት ስሞክር ነገሩ እጄ ላይ ተበታተነ፤ ግማሹን በአማርኛ አልኩት፣ ዘረ መል የሚለው ጋ ስደርስ የሚሰማኝ ፊት አጣሁ።

"አይጥ?" አለ ያው ቀልደኛ። "ስኳር ድንቻችንን ጨረሰችው፤ አሁን ደግሞ ልትፈርድብን ነው?"

ሳቁ እስኪያልቅ ቆምኩ።

"እሺ፣ አይጧን ተዋት" አልኩት። "የምትጠየቀው እህቴ ብቻ ከሆነች ልጅቷ አባት የላትም ማለት ነው? አባቷም ይጠየቅ። ቦቲውን ያውልቅና እግሩን እንየው።"

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እህቴ ግን አልዞረችም፤ የምታየው እኔን ነበር። ሰውየው እጁን ቦቲው ላይ አደረገና ቆየ። ሊያወልቀው ይሁን ይዞ ሊያስቀረው አላውቅም።

"ተዉት" አሉ እማማ። "እኔ አውቀዋለሁ። የወለድኩት እኔ ነኝ።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"እሱም እንዲሁ ነው፤ እግሩ። ሲወለድ እኔንም እንዲህ ተቀምጠው ጠየቁኝ፣ ደጋ እያለን። አላውቅም አልኳቸው። አስቢ አሉኝ። አሰብኩ፤ ጠፋኝ። በመጨረሻ የአማቴን ቅቤ ሰርቄ በልቻለሁ አልኩ። በግ ታረደ፣ አለቀ።"

"በልተሽ ነበር?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ያኔ አልበላሁም ነበር" አሉ እማማ። "አሁን ግን የበላሁ ይመስለኛል። ጣዕሙ ሁሉ ይመጣብኛል።"

ማንም አልሳቀም። እኔ እሳቸውን ልጠላ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ምላሴ ላይ የነበረውን ሁሉ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ የልጃቸውን እግር ባዩ ቁጥር ያልበሉትን ቅቤ ሲያስቡ ኖረዋል። የልጅ ልጃቸው እጅ ሲመጣ ያው ቅቤ ነው ብለው ደነገጡ። እህቴ የራሷን ጥፋት ካገኘች የእሳቸው ይቀልላቸዋል። ለዚህ ነው እንደዚያ የሚጫኗት። ገባኝ። ስለገባኝ ግን ንዴቴ አልቀነሰም። አንድ ሰው የተደረገበትን እያወቀ ሌላው ላይ ሲደግመው "አዘንኩልህ" ብቻ ብዬ አላልፍም።

ሽማግሌዎቹ ወደ ጎን ወጥተው ተመካከሩና ተመለሱ። ያኔ ያልተደረገ ነገር ተደረገ ተብሎ በግ ታርዷል አሉ። ጎሜው እሱ ነው፤ ሐሰቱ ነው። ቤቱ በግ ያምጣ፣ ሴቶቹ ከእንግዲህ አይጠየቁም፣ ልጅቷም እዚሁ ክርስትና ትነሳ።

"ሐሰቱን ያስባሏቸው እነማን ናቸው?" አልኩ።

"ተቀመጪ ልጄ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። "ያኔ የጠየቋት ሰዎች ሞተዋል።"

የሞቱት ሞተዋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያችኑ ጥያቄ ሲጠይቁ የነበሩት ግን ፊቴ ተቀምጠዋል። ለሁለቱ ሴቶች "በድለናችኋል" የሚል ሰው ጠበቅሁ። የለም። ሳሩን አንስተው መረቁ፣ ሰዉ "ይሁን" አለ፣ ወጣቶቹ በጉን ሊያመጡ ሄዱ። ሥርዓቱ ጥያቄዬን ከነቦቲው ዋጠውና አፉን ጠረገ።

እህቴ ከቤቷ አልወጣችም፤ ያልሠራችውንም ሠራሁ አላለችም። ፈልጋ የነበረው ይህ ነው፣ አገኘችውም። እኔን ግን ተቀየመችኝ።

"ባሌን ሰው ፊት አራቆትሽው" አለችኝ።

"ጫማ ነው ያልኩት።"

"ሊያወልቅ ነበር። እጁን አላየሽም?"

"አየሁት። ቦቲውን ይዞ ነበር።"

"ሊያወልቅ ነበር" አለች፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ክርስትናው ላይ ከጎኗ ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ ከ"ጨው አቀብዪኝ" ሌላ ቃል አልሰጠችኝም። ሰውየው ከዚያ በኋላ በሸበጥ መሄድ ጀምሯል። ሰው ይህን ሲያይ "አየሽ፣ ተለወጠ" ይለኛል። እናቱ ከተናገሩለት በኋላ ማንም ማውለቅ ይችላል።

መምህሩም አንድ ቀን ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ መጣና ትዝ ብሎት ጠየቀኝ። "ያ ነገር እንዴት ሆነ? ጫማ አስወለቅሽ?"

"አዎ።"

"እና?"

"እና እርስዎ አልነበሩም።"

ልጅቷ መሮጥ ከጀመረች በኋላ ጣቶቿን የሚለያዩ ሐኪሞች መጥተዋል ተባለና ሆስፒታል ይዘናት ሄድን። እህቴ ካርድ ልታወጣ ሰልፍ ይዛለች፤ ልጅቷን የያዙት እማማ ናቸው። እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። አግዳሚው ላይ ከእኛ ቀጥላ የተቀመጠች አንዲት ሴትዮ ልጅቷን አየች፣ እጇን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች።

"ምስኪን" አለች። "እናትየዋ ምን ሆና ነው?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ እማማ ቀደሙኝ።

"እናቷ ምንም አልሆነችም። ከእኛ ነው። አባቷም እንዲሁ ነው፣ እግሩ ላይ።"

ሴትዮዋ ወደ እሳቸው ዞር አለች። ጥያቄው ቦታ ብቻ ነው የቀየረው፤ ዓይኗ ላይ ሲመጣ አየሁት።

"ታዲያ እርስዎ ምን አድርገው ነው?"

እማማ የልጅቷን እጅ በእጃቸው ያዙት። ሲመልሱ ድምፃቸው እንደ ሌላ ጊዜው ወፍራም አልነበረም።

"ምንም" አሉ። "ምንም አላደረግሁም።"

ሴትዮዋ አላመነቻቸውም፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ልናገራት አፌን ስከፍት እማማ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። እህቴም ከሰልፉ ካርዱን ይዛ እየመጣች ነበር።